እህቴን የሚያሳጥሩ ሰዎች

ኅዳር 4
ከትምህርት ቤት መጣሁ። የቤት ሥራ አልነካሁም። እህቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆናት፤ ቪዲዮዎቿን አንድ ዲስክ ላይ አድርጎ ለዘመድ ማዳረስ የኔ ሥራ ሆኗል። «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ብለው ጫኑብኝ። ማን ጠየቀኝ?
ተራ ዲቪዲ አይበቃትም። ሲጨመቅ ፊቷ ጭቃ ይመስላል። ደብል ሌየር ገዛሁ... ሁለት ንብርብር ያለው፣ እጥፍ የሚይዘው። ሱቅ ውስጥ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ኅዳር 6
አክስቴ መጣች፣ የአባዬ ታላቅ እህት። ከጀርባዬ ቆማ ታዛለች።
«ይቺን ቁረጣት። በቱታ፣ እጇ ግሪስ በግሪስ! ሰው ምን ይላል?»
«መካኒክ ነበረችኮ።»
«ባንክ ትሠራ ነበር በል!»
ባንኩን በገባች በስምንት ወሯ ጥላው ጋራዥ ገባች። እዚያ ነው የሳቀችው። የቱ ነው እሷ?
«አሳጥረውና ተራ ዲስክ ላይ አድርገው» አለች። እህቴን ታሳጥርልኛለች! አሻፈረኝ አልኩ።
«ምላስህ እንደሷ ሆነ።»
ደስ አለኝ። የራሷን ንግግር ግን ቅረጽልኝ ብላ አሥራ አንድ ደቂቃ ለፈለፈች። ስለ እህቴ ሁለት ዓረፍተ ነገር። የቀረው ስለ ራሷ።

ኅዳር 7
አባዬ አይናገርም። ቢሮ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይተኛል። እኔም አላናገርኩትም።
የልደቷን ቀን ቪዲዮ አገኘሁ። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አባዬ ሰው ሁሉ ፊት ይጮህባታል። «ባንክ ትተሽ የሰው መኪና ሥር ልትንከባለዪ? አንቺ ሰው አትሆኚም!»
ይሄን አልቆርጥም። ዘመድ ይስማው። ይበለው! ከጩኸቱ ቀጥሎ ያለውን ቆርጬ ስክሪኑን አጨለምኩት።

ኅዳር 9
ቪዲዮውን ዲስኩ ላይ ስጽፍ ቸኮልኩ። ፍጥነቱን ጫፍ አደረስኩት፤ ሁለተኛው ንብርብር ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አበላሽቶ ተፋው። ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። ግድግዳው ምን አደረገኝ?
አንድ ዲስክ ቀረኝ።

ኅዳር 10
አባዬ ሳያንኳኳ ገባ። ወንበር ስቦ «አሳየኝ» አለ።
አሳየሁት። ልደቷ ጋ ስንደርስ ስክሪኑን ትቼ ፊቱን አየሁ። ስክሪኑ ላይ ጮኸ... ጨለመ።
«መልሷ የታለ?»
«የምን መልስ?»
«አትቀልድብኝ። ‹አንተስ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን አተረፍክ? ሱሪህ ነው ያለቀው› አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»
«ቆረጥኩት።»
«እኔን እንደፈለግክ አድርገኝ። እሷን ግን ተሸንፋ አታሳያት። አልተሸነፈችም።»
ልክ መሆኑ አናደደኝ። አክስቴን ስረግም ሰንብቼ... እኔስ ምን አደረግኩ?
የቆረጥኩትን መልሼ አስገባሁት። አሁን ዲስኩ ሞላ፣ አልበቃም። ተያየን።
«የእትዬን ንግግር አውጣው» አለ።
«ትጮሃለች።»
«ትጩህ!»
ፕሮግራሙ ደግሞ ጠየቀ። ማጫወቻው ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገር ምስሉ ለቅጽበት ይቆማል፤ የት ይሁን? አባዬን ጠየቅኩት።
«ከመልሷ በኋላ» አለ። «እኔም እዚያ ነው የቆምኩት።»
ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። እስኪያልቅ አልተነሳም። ተሳካ።

ኅዳር 13
አክስቴ ዲስኩን አይታ ደወለች። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። አባዬ እስክትጨርስ ጠበቀ። «ልጄ መካኒክ ነበረች፣ እትዬ። ጎበዝ መካኒክ።» ዘጋው።
ማታ የፈተና ውጤቴን አየ። «በዚህ ጭንቅላት ነው የምታልፈው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልጮኸ ሰው!
ደሜ ፈላ። ልወጣ በሩ ጋ ደረስኩ። ዞር ስል አሁንም ያየኛል። መልስ ይጠብቃል...
ተመለስኩና መለስኩለት።