አራት ስም ያለው ልጅ

መካነ ሰላም
ጁምዓ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጀብሪል፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ የኔ ጌታ! እንዴት ነህ? የዳቦ ቤቱ እሳት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻ? በደስታ መቆሚያ መቀመጫ አጥተናል እንጂ! አብሽር፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቆመህ የምታነበው አይደለም።

ለምን በደብዳቤ እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ስልክ ላይ የልጁን ነገር ገና ሳነሳ የጅዳ ኔትወርክ በሙሉ ድንገት ይጠፋል። ስለ ጤፍ ዋጋ ሳወራህ ግን ጥርት ብሎ ይሰማሃል! ደግነቱ የሰፈራችን ልጅ አርዋ የፊታችን ሐሙስ ለሥራ ወደ ጅዳ ትበራለች፤ በእሷ ሻንጣ ልኬልሃለሁ። እስቲ ወረቀት ጆሮዬ ላይ ዝጋብኝ፣ አይሃለሁ።

ከመሃሉ ልጀምር፤ አፌ አላስቀምጥ ብሎኛል። ልጃችንን ደሴ ወስደን አሳየነው! አዎ፣ «ቆይ፣ አትሩጪ፣ የኛ ቤት ሰው አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ብለኸኝ ነበር። አልቆየሁም። መቆጣት ካማረህ ተቆጣ፤ ግን መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ።

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እኔና እናትህ ለቫይታሚን ጠብታ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። እዚያ ሲስተር ሐረግ የምትባል ነርስ አለች፤ ገና ልጅ እግር ናት፣ ስለ ሕፃናት እድገት ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች። ጠብታውን ሰጥታ አሰናበተችን ስንል፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትጠይቀን ጀመር። ስሙን ስትጠሩት ይዞራል? የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳያል? ያስደሰተውን ነገር «እዩልኝ» እንደማለት ያመጣላችኋል?

እኔ እውነቱን ተናገርኩ። በጣቱ አያሳይም አልኳት። ውሃ ሲፈልግ እጄን እንደ ጭልፋ ይዞ ይጎትተኝና ጀሪካኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊቴን ግን አያይም። ስሙንም ቢጠሩት አይዞርም።

ይሄኔ እናትህ ጣልቃ ገቡ። ታውቃቸው የለ! «ንጉሥ በጣቱ ያሳያል እንዴ? ያዝዛል እንጂ! ደግሞስ በየትኛው ስሙ ይዙር? አባቱ ከጅዳ ኸባብ ብሎ ሰየመው። እኔ ኑርሁሴን እለዋለሁ። ጎረቤታችን ይታይሽ ደጉ ትለዋለች። እናቱ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ሆዴ ስትል ትውላለች። አራት ስም ያለው ሰው በየትኛው አቤት ይበል? በመጀመሪያ ስሙን እናስማማ፤ ከዚያ ትመረምሪዋለሽ!»

ሐረግ ሳቋ አመለጣት፤ ግን ንቃ አልሳቀችም። «እሺ እማማ፣ ስሙን ያስማሙና በወሩ ይመለሱ። ብቻ እንዳይዘገዩብኝ። እንዲህ ያለው ነገር በጊዜ ሲታይ ነው ደግ የሚሆነው» አለቻቸው።

ቤት እንደገባን አዋጅ ተነገረ። ከዛሬ ጀምሮ ኸባብ ብቻ! እናትህ ኑርሁሴን ያሉት ለወሊዩ ለሸኽ ኑርሁሴን ካላቸው ሙሐባና ፍቅር ነው፤ እሱን መተው ቀሏቸው እንዳይመስልህ። እትዬ ይታይሽማ አኮረፈች። «ደጉን ያወጣሁለት እኔ፣ ሲወለድ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ! አሁን እኔን ነው ስም የምታስጥሉኝ?» ብላ ተነስታ ሄደች። በማግስቱ ግን ከሁላችንም የባሰች አጥባቂ ሆና ተገኘች። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ኸባብ! ኸባብ!» ስትል የሰፈሩ ዶሮ ሳይቀር ቀና ይላል። ኸባብ ራሱ ግን ቀና አይልም።

ወሩ ሲሞላ ፈታኟ እናትህ ራሳቸው ሆኑ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን የስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጧል። እዚያ ነው የሚውለው፤ መዘውሩን ሲያሽከረክርና ሲያይ። እናትህ በቀስታ «ኸባብ» አሉ። ምንም። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ምንም። ይታይሽ ሞከረች፣ እኔም ሞከርኩ። «ያ አላህ፣ ጆሮው ይሆን እንዴ?» ስል፣ እናትህ ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈትተው ወረቀቱን ከኋላው ኮሽ አደረጉት። ወላሂ ጀብሪል፣ በቅጽበት ዞረ! ከረሜላዋን ከእጃቸው ላይ አነሳና ወደ መዘውሩ ተመለሰ። የማናችንንም ፊት አላየም።

እኔ ላለቅስ ስል እናትህ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። «ተነሽ ሰልሰቢል። ያቺ ነርስ እውነቷን ነው። ነገሩ የስሙ አይደለም» አሉኝ። ልጁ ምንም የለበትም ብለው ሲሟገቱ የከረሙት እሳቸው፣ ደሴ ካልሄድን ብለው ያጣደፉኝም እሳቸው!

ሐረግ የሪፈር ወረቀት ጽፋ ደሴ ሆስፒታል ላከችን። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ አቧራውን ልተውልህ። እናትህ እስከ አቀስታ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ሲያወርዱ፣ ከአቀስታ ወዲያ ደግሞ ሹፌሩን ሲቆጡ ደረስን። የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ባህሩ ይባላሉ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመረመሩት፤ አልሐምዱሊላህ ንጹሕ ነው። ከዚያ ጋዋናቸውን ሰብስበው ከልጁ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እናትህ «ኧረ ወንበር ስጧቸው፣ ትልቅ ሰው እኮ ናቸው!» እያሉ ቢያስቸግሩም አልተነሱም። ረጅም ጊዜ ሲያጫውቱት ቆዩና ያዩትን ነገሩን።

ቃሉ ኦቲዝም ነው። ምልክቱ አለው አሉ። ገና ትንሽ ስለሆነ እየተከታተሉ ያረጋግጣሉ፤ እርዳታውን ግን ማረጋገጫ ሳይጠብቁ ከዛሬ ጀምሮ ይሰጡናል። ቡዳ አይደለም፣ ጂን አይደለም፣ ክትባቱ ያመጣበት አይደለም፣ እናቱም አላጠፋችም። አእምሮው የሚያድገው በራሱ መንገድ ነው። እናትህ «ይድናል?» ብለው ጠየቁ። «የሚድን የማይድን ነገር አይደለም፣ እማማ። ይማራል። እናንተም ትማራላችሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስላመጣችሁልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ብዙዎቹ እኔ ጋ የሚደርሱት ትምህርት ቤት ሲመልሳቸው ነው» አሉ።

ደነገጥኩ፣ አልዋሽህም። ግን ድንጋጤው ውስጥ ደግሞ እሰይ የሚል ነገር ነበረበት። ለካ ስም አለው! ለካ መንገድ አለው! ስንት ወር በጨለማ ሳፈጥ ከርሜ አሁን ሰው መብራት ያበራልኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከዚያ ዶክተሩ «ለመሆኑ መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ እናትህ ቀደሙኝ።

«አባቱ ነው» አሉ።

ሳቅ አልኩ። «እንዴ! አባቱማ ልጁ በሆዴ እያለ ነው ጅዳ የሄደው» አልኩ። እናትህ ግን መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲል ደወለልኝ። እማዬ፣ ልጄ አያየኝም፣ ብጠራው፣ ባጨበጭብ፣ ባንጎራጉር ፊቱን ያዞርብኛል፤ ሳይወለድ ትቼው ስለሄድኩ ጠልቶኛል፣ ብሎ አለቀሰ። ለሰልሰቢል እንዳትነግሪያት ብሎ በአላህ አስማለኝ» አሉ።

ጀብሪል! አንተ ሰውዬ! ምን ላድርግህ? ዓመት ሊሞላ ለተጠጋ ጊዜ «ቪዲዮ ካርድ ይበላል፣ በድምፅ ይበቃል» ስትለኝ እኔ ምን እያሰብኩ እንደነበር ታውቃለህ? ሌላ አግብቷል ብዬ ስቃጠል ከርሜያለሁ! በዓይነ ሕሊናዬ የሴትየዋን መልክ ሁሉ ሠርቼላት ነበር። ለካ አንተ እዚያ ብቻህን ተቀምጠህ ልጄ ጠላኝ እያልክ ታለቅሳለህ። ዶክተሩ ፊት ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። ኸባብ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የወንበሩን ጎማ እያሽከረከረ ነበር፤ ለእኛ ጉድ ግድም አልነበረው።

ዶክተር ባህሩ ምን እንዳሉኝ ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ለአባቱ ንገሪው። ልጁ አልጠላውም። ፊት ማየት ለዚህ ልጅ ከባድ ሥራ ነው፤ ስልክ ውስጥ ያለ ፊት ደግሞ ይብስበታል። አባቱ ስለሄደ የመጣ ነገር አይደለም፤ ቤቱ ቢሆንም ይኸው ነበር። ከባሕር ማዶ ሆኖ ከሁላችሁም ቀድሞ ያየው ግን እሱ ነው።» ሰማህ? አልጠላህም! ካልሰማህ እደግመዋለሁ፤ አልጠላህም፣ አልጠላህም!

አሁን ደግሞ ዋናው ደስታ። ደሴ እያለን እንዴት አድርገን እንደምናጫውተው አስተማሩን። ከፊቱ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። እሱ በሚወደው ነገር እገባበታለሁ እንጂ ወደ እኔ አልጎትተውም። ቃል አሳጥራለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እኔና መጠበቅ! ሽሮ እስኪፈላ የማትታገሠዋን ሴትዮ አስባት እስቲ። እናትህ «አፍሽን ያዢው!» እያሉ ከጎን ይቆነጥጡኛል።

የሱ ወዳጅ መዘውሩ አይደል? እሱኑ ያዝኩ። አዞርኩለትና «ዙር!» ብዬ ቀጥ አደረግኩት። እንደ ልማዱ እጄን ይዞ ወደ መዘውሩ ገፋው። አዞርኩለት። ደግሜ አቆምኩት። በየቀኑ እንዲህ ስንል ሰነበትን፤ የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮ ደንበኞቼ ሊፈጁኝ ደርሰዋል። ያለፈው ማክሰኞ እንደገና አቆምኩትና ጠበቅሁ። እጄን ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው። መዘውሩን አየ። ከዚያ ቀና አለና እኔን አየኝ። ዓይኔን ነው የምልህ! መልሶ መዘውሩን፣ መልሶ እኔን። «አዙሪልኝ እንጂ» ነው የሚለኝ፣ በዓይኑ!

እልልታዬን ለቀቅሁት። አይ እኔ! ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መጋረጃው ኋላ ገባ። እናትህ ሊገድሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን እልልታ በሹክሹክታ ሆኗል። እትዬ ይታይሽ እንኳን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው እልል የምትለው፤ ብታያት በሳቅ ትሞታለህ። ልጁ ግን በማግስቱም አየኝ። ዛሬ ጠዋትም።

እንዳትሳሳት ልንገርህ። ቃል አልወጣውም። ስሙን ሲጠሩት ዛሬም አይዞርም። ትናንት አዲስ ሹራብ አልብሼው ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት ሲጮህ፣ እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰፈር ውስጥም «ያበደ ልጅ ይዛ ደሴ ተመላለሰች» ያለች አለች፤ ይታይሽ ልክ አስገብታታለች። መንገዱ ረጅም ነው። ግን ጀምረነዋል፣ በጊዜ ጀምረነዋል። ሐረግ በየሳምንቱ ታየዋለች፤ ደሴም እንመላለሳለን ኢንሻአላህ።

አሁን የቀረኸው አንተ ነህ። አርዋ ይህን ባደረሰችህ ጁምዓ ከሶላት መልስ በቪዲዮ ደውል። ስሙን አትጥራው። «እየኝ» አትበለው። አታጨብጭብ። ሊጥ ስታቦካ የምታንጎራጉራትን መንዙማ ትንሽ በልና አቁማት። ከዚያ ጠብቅ። ጣራ ጣራውን ያይ ይሆናል። ተነስቶ ይሄድም ይሆናል። ቢሄድ ካንተ ሸሽቶ አይደለም፤ እኔንም ስንት ቀን ጥሎኝ ሄዷል። እኔ ስልኩን ይዤ እቆያለሁ፤ አንተም ቆይልኝ።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፤ የላብህን በረካ አያሳጣህ። ልጅህን ላንተ፣ አንተን ለልጅህ ያቆይልኝ። ናፍቀኸኛል፤ ተቆጥቼም ናፍቀኸኛል።

የኸባብ እናት፣
ሰልሰቢል

ላሽገው ስል እናትህ አስቆሙኝ። ላንተ የማሉትን ስላፈረሱ ከፋራ፣ የመሐላ ማካካሻ፣ አለባቸው፤ ዛሬ ከመስጊዱ አስር ደረሳ፣ ድሀ የቁርኣን ተማሪዎች፣ ጠርተው አበሉ። ግቢው ሞልቷል፤ ለልጁ ዱዓ እያደረጉ ነው። እናትህ እጃቸውን እየታጠቡ ይህቺን ጨምሪልኝ አሉ፦ «የኔን መሐላ በአስር ደረሳ ፈታሁት። የጀብሪልን ዝምታ ግን ሺህ ደረሳ ባበላ አልፈታለትም። ራሱ ይደውል በይው።»