ያልከፈልኩት ቀብድ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሌ፤ አሰብ።

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እግርህ ላይ ይወጣብህ የነበረው ሽፍታ ለቀቀህ ወይ? ምግቡ ይስማማሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የሚያስጨንቀን ነገር የለም። የአሰላን ክረምት ታውቀዋለህ። ጭላሎ ከሰኔ ወዲህ ጉሙን ገልጦ አልታየንም፤ ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል። ከዚህ ብርድ አንድ ጆንያ ብልክልህና አንተም ከዚያ ሙቀት ትንሽ ብትቋጥርልኝ ሁለታችንም በተጠቀምን ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ምን እዋሽሃለሁ! በሰኔ መግቢያ የጻፍክልኝን ደብዳቤ እዚያው ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ዘጠኝ ዓመት ወደብ ላይ የተቃጠልኩለትን ቤት አሳጣሽኝ፤ ከእንግዲህ አሰላ ምን አለኝ ብዬ እመጣለሁ» የምትለው ላይ ስደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለእማዬ ሳነብላት ያንን መስመር ዘለልኩት። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ፊቴን አይታ የቀረውን አልጠየቀችኝም። አሁን ንዴቴ በርዷል። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ለቤቱ መግዣ የላክልኝ ገንዘብ እጄ የገባ ዕለት ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው በዚያ ቤት፣ መኪና ሁሉ በሚያልፍበት፣ አንተ ጎሚስታ ከፍተህ ስትሠራ፣ እኔ ምሳህን ይዤ ስመጣ ይታየኝ ነበር። ሻጩ አቶ ገብረ መድህን ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ የአባባ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። በየካቲቱ አዋጅ የገጠር መሬታቸው ከእጃቸው ስለወጣ የከተማውን ቤት ሊሸጡ ቸኩለው ነበር። ቤቱን እትዬ ሰኪና ተከራይተው ፉርኖ ዳቦ እንደሚጋግሩበት ታውቃለህ። ስለ እሳቸው ሻጩን ብጠይቃቸው፣ እሷማ በአንድ ቃል የምትወጣ ናት፣ አትጨነቂ አሉኝ። አንተም «ቀብድ ክፈዪ፣ አትዘግዪ» ብለህ ቴሌግራም መታህ። እኔም ልከፍል ነበር። ባለቤቴ ጉቱ ነው እንግዲህ፣ መጀመሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ እያለ የጨቀጨቀኝ። ወንድሜን አታምነውም ወይ ብዬ ተኮሳተርኩበት፤ እሱ ግን ጭቅጭቁን አልተወም።

በመጨረሻ እንዲተወኝ ብዬ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳሉት ነገረ ፈጅ፣ ወደ አቶ ካሣዬ ሄድኩ። ለምክሩ አምስት ብር ሲቀበሉኝ አንጀቴ ነው ያረረው! እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሻጩን ጠይቀሻል፣ ተከራይዋንስ ጠይቀሻል ወይ አሉኝ። እሷን ምን ብዬ እጠይቃለሁ ብላቸው ቆጣ አሉ። «አንቺ የምትገዢው ባዶ ቤት አይደለም፤ ሰው ያለበት ቤት ነው። ሴትዮዋ በፍርድ ቤት ፊት የተፈረመ፣ ጊዜው ያላለቀ ውል ካላት ባለቤቱ ቢለወጥም ውሉ አይፈርስም። በሻጩ ቦታ አንቺ ትተኪያለሽ፤ እሳቸው ለእሷ ያለባቸው ሁሉ ባንቺ ላይ ይሆናል» አሉኝ። ውሉን በዓይንሽ ሳታዪ አንዲት ሳንቲም ከእጅሽ እንዳትወጣ ብለው አስጠንቅቀው ሰደዱኝ።

አሁን ከእህትህ ጅልነት ትንሽ ሳቅ። በማግስቱ እትዬ ሰኪናን ልጠይቃቸው ሄድኩና አፌ ተሳስሮ አራት ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። አምስት ቀን ስመላለስ ቤቱ በዳቦ ሞላ፤ ልጄ አፀደ እንጀራ ናፈቀኝ ብላ አለቀሰች። ሰው ቤት ዳቦ እየገዙ «መቼ ይወጣሉ» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? በስድስተኛው ቀን እትዬ ሰኪና እጃቸውን ከዱቄቱ አራግፈው «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ ቤቱን ልትገዢ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ መቼ ትናገሪ ይሆን ብዬ ስጠብቅሽ ነበር አሉኝ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወረቀቱን ከሣጥን አወጡልኝ። የአምስት ዓመት ውል ነው፤ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ፉርኖውን፣ ያን ትልቅ የዳቦ ምድጃ፣ ያሠሩት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ከቤቱ ከወጡ አከራዩ ወጪውን ሊመልሱላቸው ፈርመዋል። የአንድ ዓመት ኪራይም አስቀድመው ከፍለዋል። አቶ ገብረ መድህን ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አልነገሩኝም። አቶ ካሣዬ ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው፣ ሻጩ ሴትዮዋን ራሳቸው አስማምተው ባዶ ቤት ሊያስረክቡ በጽሑፍ ቃል ይግቡልሽ፣ ያን ጊዜ ቀብድ ትከፍያለሽ አሉኝ።

ሄጄ ብነግራቸው አቶ ገብረ መድህን ቱግ አሉ። የአባትሽን ወዳጅ በወረቀት ታስሪያለሽ ብለው ከቤታቸው አስወጡኝ። እማዬም ያን ቀን በጣም ተቆጣችኝ፤ ማኅበርተኛ ለማኅበርተኛ ፈርም ይባላል ወይ አለችኝ። እኔም ተወላወልኩ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ግን ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቀብዱን ከፍዬ ቢሆን አንተ መጥተህ የምታገኘው የሌላ ሰው ፉርኖ ነው። ወይ ሦስት ዓመት ትጠብቃለህ፣ ወይ ያችን ሴት ከነዱቄቷ ደጅ ትጥላለህ። አንተን እንደማውቅህ ሁለተኛውን አታደርገውም። እኔም እንድታደርገው አልፈልግም። ስለዚህ አልከፈልኩም። በሳምንቱ አንድ የዴራ ከብት ነጋዴ ቤቱን ገዛው፤ አንተም ያንን የሚያቃጥል ደብዳቤ ጻፍክልኝ።

የቀረውን በሬዲዮ ሰምተኸዋል። በሐምሌው አዋጅ የሚከራይ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ያም ሱቅ ከነፉርኖው ተወሰደ። የዴራው ሰው በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ በዝናቡ ውስጥ ቤቱን ትክ ብሎ ሲያይ ቆሞ ነበር፤ አሳዘነኝ። ደስ አለኝ አልልህም፤ እዚያ የቆመው አንተ ልትሆን ትችል ነበር። ብልህ ነኝም አልልህም። አዋጁን እኔም አላወቅሁ፣ አቶ ካሣዬም አላወቁ። እሳቸው የመከሩኝ ስለ አንድ ተከራይ ውል ብቻ ነበር። ገንዘብህ ግን አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል በስምህ ባንክ ነው፤ ደብተሩ እማዬ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

እንግዲህ ሱቅ አለልህ ብዬ አልዋሽህም። ማን ምን እንደሚከራይ፣ ለማን እንደሚከፈል ገና አልተለየም። እስካሁን እዚያው የሚጋግሩት እትዬ ሰኪና ግን ትናንት ጉዳይህን ሲሰሙ፣ ጎማ ለመለጠፍ ግድግዳ ምን ያደርግለታል፣ ፈቃድ እስኪያገኝ በረንዳዬ ላይ ይቁም አሉ። ላንተ ሱቅ ሲባል ሊወጡ የነበሩት ሴት ናቸው እንዲህ ያሉት! ጋሼ፣ አንተ ቤት ሳልይዝ እንዴት ባዶ እጄን እመለሳለሁ የምትለው ነገር በቃህ። አንተን ራስህን ብለን እንጂ ለቤት ብለን መቼ ጠበቅንህ? በደብዳቤህ የጻፍከውን እኔ ረስቼዋለሁ፤ አንተም እርሳው። ዝም ማለቴንም ይቅር በለኝ፤ እኔም እንዳንተው ግትር ነኝ፣ ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው።

አብሮህ ለሚኖረው ለቱፋ እንደምን አለህ በይልኝ ብሎ ጉቱ ልኳል፤ ሲሬ ያሉት የቱፋ ቤተሰቦችም ደህና ናቸው፣ ቅዳሜ ገበያ እናቱን አግኝቻቸዋለሁ። ላንተም ከጉቱ ብዙ ሰላምታ፤ ጨቅጫቃው ሰው ነገሩን በጊዜው በመጨቅጨቁ ሲኮራ አሁን አንችለውም። ልጄ አፀደ አንድ እግር ያለው ዶሮ ሥላ አያይዣለች፤ ሁለተኛው እግር ከኋላ ነው ትላለች። እትዬ ሰኪናም ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ከእማዬ ግን ሰላምታ የለህም። ምን ልጻፍልሽ ብዬ ብዕሬን ይዤ ብጠብቃት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ «ዘጠኝ ዓመት በወረቀት ሰላም አልኩት፤ በቃኝ። መጥቶ ከአፌ ይቀበል» አለችኝ።

እህትህ የሺሃረግ
አሰላ፤ ነሐሴ ፬ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.