ከበሮ ያስተማርኩት አስተርጓሚ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አምባቸው፣ አዲ አርቃይ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? እናታችንስ ደኅና ናት፣ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? የቆላው ንዳድ ዘንድሮ ቤታችሁን አልደፈረም? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሏል። ዱር ቤቴ ካልክ ወዲህ የት ውለህ የት እንደምታድር አልጠይቅህም፤ አንተም ጽፈህ አትላክልኝ። ይህን ደብዳቤ የያዘችው ማደሪያ የሰጠችኝ እመት ዘመናይ ናት፤ ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ትወርዳለች። ከእሷ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። ፊደል የቆጠርክ መሆንህ በጀኝ፤ ራስህ አንብበውና ለማንም አታስነብብ።

ከቤት ስወጣ «ቅኔውን ትተህ ከበሮ መምታት ምን ይጠቅምሃል?» ብለኸኝ ነበር። አሁን ልመልስልህ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? በመጀመሪያው ዓመት ማንገቻው አንገቴን ልጦት፣ መዳፌም አብጦ ልተወው ነበር። መምህሬ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ግን «እጅህን ተወው፣ ጆሮህን አስተምረው» ይሉኝ ነበር። ሃያ ሰው በመቋሚያ እየተወዛወዘ አብሮ ሲዘም አንዱ ቢቸኩል ቀድሞ የሚያውቀው ከበሮ መቺው ነው። እየቆየ ሰው ሲያወራም እንዲሁ ይሰማኝ ጀመር፤ ቃሉ የት ላይ እንደረጋ፣ የት ላይ እንደተጣደፈ አውቃለሁ። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚሸጥበት በዚህ ዘመን ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ምናልባት ነፍሴን ያቆያት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥምቀት በኋላ ማሩ የሚባል ሰው እዚህ ጎንደር ወደ ደብራችን መጣ። ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። «ከሕመሜ ብነሣ ለጰራቅሊጦስ ከበሮ እመታለሁ ብዬ ተስያለሁና አስተምሩኝ» አለ። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። መሪጌታ «የተሳለ ሰው አይመለስም» ብለው ለእኔ ሰጡኝና ለብቻዬ ጠርተው «እጁን አስተምር፣ አፍህን ግን ዝጋ» አሉኝ። በጾሙ ከበሮ ስለማይመታ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበታችንን እየመታን ተማረ። አልዋሽህም፣ እጁ ሸጋ ነው። ስለ ስለቱ ሲያወራ ቃሉ የረጋ ነው። «ከሰሜን የሚመጣ ሰው ታስተናግዳላችሁ? አንተስ በዚያ ዘመድ የለህም?» ሲለኝ ግን ይጣደፋል። እኔም ነገሩን ወደ ትምህርቱ እመልሰው ነበር።

ሁለት ወር ያህል ዝም ያለው ከበሯችን ለትንሣኤ ጮኸ። በዚያው ሳምንት በሊማሊሞ በኩል የጣሊያን ማኪና ተመታ ተብሎ ተወራ። የዳግም ትንሣኤ ማግስት ጠዋት ወታደሮች መጥተው መሪጌታንና እኔን ከነከበሮው ወሰዱን። የጠየቀን በቅርቡ የመጣ ካፒቴን ነው፤ የሚያስተረጉመው ማሩ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላችሁ አሁን የጀመራችሁት ለማን ምልክት ለመስጠት ነው?» ተባልን። እኔ «ጾም ነበር፤ አሁን ጌታ ተነሥቷል» አልኩ፤ ያልኩት ይኸው ነው። ማሩ ግን ረጅም ንግግር አደረገለት። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ በመካከሉ ሰሜን የሚል ቃል የሰማሁ መሰለኝና ነገሩ ስለ አንተ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ቀጥሎ «ምታ» ተባልኩ። ልቤ እየዘለለ እጄ ግን አልዘለለም፤ ቀስ ያለውን ምት ጀመርኩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተቀምተው ስለነበር በባዶ እጃቸው ዘመሙ። ሽማግሌው በጠላት ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዘሙ ሳይ ፍርሃቴ ተወኝ። ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ አጭር ቃል ተናገረ። ማሩም «ሂዱ» አለን።

በማግስቱ ማሩ ቀሐ ወንዝ ዳር አገኘኝና «ለእናንተ ስል አንገቴን ሰጥቻለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት። ወዲያው «ወንድም አለህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አዲ አርቃይ ነው ወይስ ከዚያ ወዲያ?» አለኝ። ቃሉ ተጣደፈ። እኔም ሳላስብ «ወንድሜ ማይጨው ቀርቷል» አልኩት። አያ፣ ይቅር በለኝ፤ በቁምህ ገደልኩህ።

ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ሄደ። በነጋታው ጧፍ ይዞ ደብሩ ድረስ መጣና «የእኔም ወንድም እዚያው ነው የቀረው፤ ለሁለቱም አብራላቸው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩት፤ በቃሉ ውስጥ ምንም መጣደፍ አላገኘሁበትም። እሱ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ በስምህ ጧፍ አበራሁ።

አሁንም በየቀኑ ይመጣል፤ አሁንም አስተምረዋለሁ። ያዳነን ሰው ከሆነ በወንድሙ ሐዘን ላይ አላግጫለሁና ኃጢአቱ የእኔ ነው። ካልሆነ ደግሞ የሚፈልገው አንተን ነው። ሁለቱን መለየት አቃተኝ፤ እስክለይ ድረስ ሙት ሆነህ ቆይልኝ። ለበዓልም ቢሆን ወደ ጎንደር እንዳትመጣ። «ዋኘው ልኮኝ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ስሜን ከነአባቴ ቢጠራም፣ እኔ ከእመት ዘመናይ በቀር ማንንም አልላክሁም። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ እሳት ስጠው።

የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ፤ ወፍሯል በላት፤ ሞተ ብዬ የተናገርኩትን ግን ከጆሮዋ አታድርስብኝ። ለባለቤትህ ለሸዋአየሁ እጅ እነሣለሁ፤ የማታውቀው ሰው ደጅ ቢቆም ውኃ አጠጥታ ትሸኘው እንጂ ስለ አንተ አንድ ቃል አትመልስ። ልጅህን ወለተሩፋኤልን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባትሽ የት ነው ብለው ሲጠይቋት አባት የለኝም ማለትን፣ ከባድ ቢሆንም፣ አስተምራት።

ታናሽ ወንድምህ ዋኘው
ጎንደር፣ ቀሐ
ግንቦት ፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.