ከቀኝ የወጣው ፈረሰኛ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 15፣ 2012

ኤግዚቢሽኑ ላይ ቦታ ተገኘልኝ! አንዱ ሠዓሊ ሥራውን አላደርስም ብሎ ትቶ፣ ከግድግዳው ላይ አንድ ቦታ የእኔ ሆነ። ኡርሱላ ስትደውል፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር በምሠራበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እያጠብኩ ነበር። ስልኩን በአረፋ ጨመላለቅኩት፤ ግድ የለኝም።

ኡርሱላ እዚህ ኒድ ሰፈር ጎረቤቴ ናት። ጡረታ የወጣች የኅትመት ሠዓሊ፣ ጓሮዋ ውስጥ ትልቅ የእጅ ማተሚያ ያላት። አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ ቆዳ ስቀርጽ ቆየሁ፤ ማተሚያውን ግን ነክቼው አላውቅም። ኤግዚቢሽኑ የካውቦይና የፈረስ ነው፣ በአንድ የፈረስ ክለብ አዳራሽ። ጀርመኖች ካውቦይ ሲወዱ ለጉድ ነው። የእኔን ሥራ የኮርቻ ሠሪ ልጅ ስለሆንኩ ነው የፈለጉት። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ እኔ ቆዳ ላይ እቀርጻለሁ፣ ቀለም እንቀባዋለን፣ ወረቀት ላይ እናትመዋለን። ማስረከቢያው ሐሙስ ማታ። ስሜ ግድግዳ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ

የሚያስፈልገኝ፦ እርጥብ ስፖንጅ፣ ስለታም ቢላ፣ ከአባቴ የወረስኳቸው ሁለት መቅረጫ ብረቶች፣ ትዕግሥት። የመጨረሻው የለኝም።

የዛሬው ሺሽቴ፣ የሥራ ተራዬ፣ ከሰዓት ስለነበር ጧቱን ሙሉ ቀጠቀጥኩ። ካውቦዬ አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ ወደ ኮርቻው ሊወጣ ነው። ፎቶ አላየሁም። ሰው ፈረስ ላይ ሲወጣ ከሚሴ ገበያ ስንቴ አይቻለሁ። አባቴ ኮርቻውን ሠርቶ ሲጨርስ ራሱ ወጥቶ ሳይሞክረው አይሸጥም ነበር። ጀርባውንና ክንዱን ከትዝታዬ ነው ያወጣሁት፤ ባርኔጣውን ብቻ ጨመርኩበት።

አምሯል። እውነቴን ነው፣ አምሯል። ኡርሱላ ቫርኒሹን ቀባችልኝና እንዲደርቅ ተውነው።

ረቡዕ

ተበላሸ።

የክለቡ ኃላፊ ዲተር ሥራውን ሊያይ ኡርሱላ ቤት መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ቦት ጫማና ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ነው የሚዞረው። ቆዳውን አገላብጦ አየና እጄን አደነቀ። ከዚያ ሰውዬው በየት በኩል ነው የሚወጣው ብሎ ጠየቀኝ። ፈረስ ላይ የሚወጣው ከግራ ነው፤ ይኼ ከቀኝ ነው፤ የክለቡ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እንዲህ ሆኖ አይሰቀልም አለ። በትሕትና ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ቆዳ እንደ እርሳስ አይጠፋም። አንዴ ከተቀረጸ ተቀረጸ።

ወደ ሥራ ስሄድ ሽትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ሆኜ ከሚሴ እናቴ ጋ ደወልኩ። አባዬ ፈረስ ላይ በየት በኩል ነበር የሚወጣው አልኳት።

«በቀኝ ነዋ» አለች። «ሌላ መውጫ አለው እንዴ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

ሐሙስ

ሼፌን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ኡርሱላን ልሰናበት፣ ቆዳዬን ይዤ ልሄድ ነበር። እሷ ግን ሮለሩን አቀበለችኝና ቀለሙን ቀቢው አለችኝ። ቀባሁት። እርጥብ ወረቀት፣ ወፍራም ጨርቅ፣ ከዚያ ማተሚያውን ለሁለት ሆነን አዞርነው። የወረቀቱን ጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ ላጥኩት።

ፈረሱ ዞሯል። ሰውዬው ከግራ ይወጣል!

ደደብ ነኝ። የአባቴ ብረት ቆዳው ላይ ያረፈው እንዳረፈ ነው የሚቀረው፤ ወረቀት እንደሚገለብጠው በምን አባቴ አውቃለሁ? ኡርሱላ ከትናንት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ በዓይንሽ እንድታይው ብዬ ነው አለች። ለግማሽ ደቂቃ ተቆጣኋት፣ ከዚያ አቀፍኳት። ፊቷ ላይ የእጄ ቀለም ቀረ።

ሰዓቱ ሳያልፍ አደረስን። ዲተር ኅትመቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አሁን ልክ ሆነ አለ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። እኔ ግን ቆዳው አጠገቡ ይሰቀል አልኩ። ስህተቱን ለምን እናሳያለን አለኝ። ጀርመንኛዬ ተሰባበረብኝ፣ ቢሆንም ተናገርኩት።

«ስህተት አይደለም። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚወጣው። ይኼ አባቴ ነው። ወይ ሁለቱም ይሰቀላሉ፣ ወይ ሁለቱንም እወስዳለሁ።»

ነገ እነግርሻለሁ አለ። ምን ነካኝ? ያገኘሁትን ቦታ በገዛ አፌ ልጥለው ነው።

ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ ሥራ ገባሁ። ሁለት ሳህን ሰበርኩ። በየፓውዘው፣ በየእረፍቱ፣ ስልኬን አያለሁ፣ የለም። በቃ፣ ወረቀቱንም አጣሁት አልኩ። አረፋ በዓል ሳምንት ቀርቶታል፣ በኀዘን ልውልበት ነው።

አመሻሽ ላይ ኡርሱላ ደወለች። ሳቋ አላናግር አላት። ዲተር ዛሬ ጧት ያረጀች ፈረሱ ላይ በቀኝ በኩል ሊወጣ ሞክሮ ነበር አሉ። ሁለቴ እግሩ እምቢ አለው። ፈረሷ ዞራ አየችው። በሦስተኛው ወጣ። ወርዶም ለኡርሱላ ደወለላት፤ ሁለቱም ይሰቀሉ ብሏል። ወጥ ቤት ውስጥ ዘለልኩ፣ ሼፌ አበድሽ እንዴ በሚል ዓይን አየኝ።

ቅዳሜ

ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሰዉ አንዴ ቆዳውን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያል። ዲተር ለሚመጣው ሁሉ በቀኝ እንዴት እንደሚወጣ በእጁ እያሳየ ያስረዳል፤ ከተወለደ ጀምሮ ያወቀው ነው የሚመስለው። አንድ ሰውዬ ቆዳውን ልግዛው አለ። አይሸጥም አልኩት፣ ልቤ እየዘለለ።

ውጭ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። አባዬን ቆዳ ላይ ቀርጬው የጀርመን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ፈረስ ላይ ሊወጣ ነው፣ የፈረንጅ ባርኔጣም አድርጓል አልኳት። ትቀየማለች ብዬ ፈራሁ።

«ባርኔጣው» አለች፣ «ያምርበታል?»

ያምርበታል አልኳት።