ከድልድዩ ሥር የለጠፍነው መስታወት

ድሬዳዋ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፍቅርአዲስ፣

እንደምን ከርመሻል የኔ ልጅ? የቶሪኖ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ሙቀቱ ገና በየካቲት ጀምሮናል። ጽሕፈቴ ከመስመር ቢወጣ ታገሺኝ፤ በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ስለሚከዳኝ ነው መጻፉን የመረጥኩት። ዑግባድ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

የላክሽው ክር ደርሷል። አንቺ በኢንተርኔት ያሠለጠንሻት ይህቺው ወጣት መሐንዲስ ዑግባድ ሰሞኑን ከድልድያችን ሥር ከርማለች። ከፀጉር የቀጠነውን የመስታወት ክር ከአርማታው ሆድ ላይ ስታጣብቅ፣ ወንበር አውጥቼ አሸዋው ላይ ሳያት ዋልኩ። ብርሃን ትልክበታለች፤ አርማታው ሲለጠጥ ክሩም አብሮ ይለጠጣል፤ የሚመለሰው ብርሃን ልኩን ይነግራታል። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሯ ላይ መስመሩ ብድግ ይላል። ይሄማ የኛው መስታወት ነው፣ ቀጥኖ መጣ እንጂ ብላት ሳቀች።

ትዝ ይልሻል አይደል? እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጭ ቀሚስሽን ሳትቀይሪ፣ የደረቀውን ወንዝ አቋርጠን ስንሄድ። ምድር ባቡር ሳለሁ ከሽማግሌ ግንበኞች የተማርኩትን ነበር ያስተማርኩሽ፤ ቀጭን የመስኮት መስታወት በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፍ በጄሶ መያዝ። መስታወቱ ከተሰበረ ስንጥቁ እየሰፋ ነው። ጄሶው ላይ ቀኑን በእርሳስ የምትጽፊው አንቺ፣ መሰላሉን የሚይዘው የድልድዩን ፌሮ ብረት ያሰረው ጓደኛዬ ዓዋሌ። ሰባት ቁጥርን ሁልጊዜ ገልብጠሽ ትጽፊያት ነበር። ያን ድልድይ ከአንቺ ጋር ያሳደግኩት ይመስለኛል። ያ እሑድ ናፈቀኝ፣ በጣም።

ከሄድሽ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር "መስታወቱስ?" ትዪኛለሽ። እኔም "ደህና ነው" እላለሁ። ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላየው ነው ደህና ነው ያልኩሽ። መሰላሉ ሦስተኛ እርከን ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ጀመር። ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ማክሰኞ ዑግባድ ክሩን የምትለጥፍበትን ቦታ ስታጸዳ መስታወታችንን አገኘችው። ተሰብሯል። ስንጥቁ የሳንቲም ጠርዝ ያስገባል። የተገለበጠችው ሰባትሽ ግን ጄሶው ላይ እንዳለች ናት። ከባድ መኪና ታግዷል፤ እስኪጠገን ባጃጅና ሚኒባስ ብቻ ያልፋል። ይድናል ብላኛለች። ቢሆንም በየማለዳው ከሳቢያን ሰፈር የሚሻገሩትን ተማሪዎች ባየሁ ቁጥር፣ ያላየሁትን መመስከሬ ያንገበግበኛል።

ዓዋሌ ሲሰማ አልተቆጣኝም። አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠና፣ "አቦ ሀብቴ፣ አልችልም ማለት ያሳፍራል እንዴ? ብትነግረኝ እኔ እወጣልህ ነበር፣ ወላሂ" አለኝ። እሱም እኮ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ የክሩ ንባብ በቀጥታ አንቺ ዘንድ ይመጣል። ከክሩ ከመስማትሽ በፊት ከአባትሽ አፍ ስሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ይቅር በዪኝ።

የተሰበረውን መስታወት በነጠላዬ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የምትሠሪው ሁሉ ይጽናልሽ።

ስለ ጤናዬ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ አታስቢ።

አባትሽ ሀብተ ማርያም