ከጉተማ ጋር አንድ ሐይቅ ላይ

ሐምሌ 9 ቀን 2011፣ ማክሰኞ ጠዋት

ታንኳዎቹ ተጭነዋል። ልጆቹ ድንኳን ማጠፍ ለምደዋል፤ ትንኙን አልለመዱትም። ቁርስ የአጃ ገንፎ ነበር፣ ማንም አልወደደውም። ከአምቦ ያመጣነውን በሶ በቁጠባ ነው የምንበላው።

ስዊድን ድረስ መጥቼ፣ በዚህ ሁሉ ጫካና ውሃ መሃል፣ ዓይኔ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ጉተማ። የወጣት ክበባችን አስተባባሪ፣ የጉዞው መሪ። እኔ ምክትል ነኝ። ያመጣኝም እሱ አይደለም። የስዊድን ጋባዦቻችን ዋና የምትችል ሴት መሪ ከሌለች ሴቶቹ ልጆች አይመጡም ስላሉ ነው። አምቦ ፍል ውሃው መዋኛ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ እሱን ማንም አይነጥቀኝም።

ዛሬም ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ጥንቃቄ አስተማረ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳታስሩ ውሃ እንዳትጠጉ አለ። እሱ! ማስታወሻዬ፣ ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዞርኩ እንጂ ከአፌ ምን ያመልጠኝ እንደነበር እንጃ።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ዝናብ። ድንኳን ውስጥ ነን። ላንቺ እንኳ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም፤ ልንገርሽ።

ከሁለት ዓመት በፊት ክበቡን ወንጪ ሐይቅ ወሰድን። ጃኬቶቹን የሚያመጣው ጉ. ነበር። ረሳ። ያለ ጃኬት ማንም አይገባም ብዬው፣ ቁልቁለቱ ላይ የቀሩትን ልጆች ላወርድ ወጣሁ። ስመለስ ጀልባው ሐይቁ መሃል ነው። ጉ. ባለ ጀልባውን መሽቷል፣ አስገባቸው ብሎት ኖሯል። ዓይኔ እያየ ተገለበጠ። ዘልዬ ገባሁ። ሌሎቹ ጀልባውን ይዘው ነበር፤ ሌንሳን ከሥር አወጣኋት። ሆስፒታል ሰነበተች። ጉ. ዳር ቆሞ ነበር፣ ሱሪው እንኳ አልረጠበም።

ጉዳዩን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሳና ልጆቹን ያስገባቻቸው እሷ ናት፣ እኔ አልነበርኩም አለ። ልጆቹ ያዩት ባለ ጀልባውን ብቻ ነው፤ ማን እንዳዘዘው አልሰሙም። ባለ ጀልባውን የጠራው የለም። እኔ ወደ ጎጆ ከተማ ተዛወርኩ። እሱ አምቦ ቀረ፣ ተመሰገነም።

ሌንሳ እዚህ አለች። አድጋለች፣ ዋናም ተምራለች። ቲቸር ትለኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። እናቷ ወ/ሮ አበሩ ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ልጇን የለቀቀቻት ኦቦ ጉተማ ካለ ብላ ነው አሉ።

ኦቦ ጉተማ ካለ!

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

አንድ ነገር ደረስኩበት። ጉ. ውሃ ይፈራል። ሁልጊዜ ከአስጎብኚያችን ከኤሪክ ጋር ነው ታንኳ ውስጥ የሚቀመጠው። መቅዘፊያውን ውሃ ያስነካል እንጂ አይቀዝፍም። ሌላው እጁ የታንኳውን ጠርዝ አይለቅም።

ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፤ አላፍርበትም።

ኤሪክን መሪዎች ከልጆች ጋር ቢጣመሩ ጥሩ ነው አልኩት። ተስማማ፣ ዳር ዳሩን እስከሄድን ድረስ። ጉ.ን ከሌንሳ ጋር አደረግኩት። ሆን ብዬ። እንደምትችል አይቻለሁ፤ ከሁሉም የተሻለች ቀዛፊ ናት። እኔ ከኋላቸው እሄዳለሁ። እሱ ግን ይታይ። ልጆቹ ይዩት።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ሁላችንም ደህና ነን።

የሐይቁን አንገት ስናልፍ ነፋስ ተነሳ። ድንገት። ሞገዱ የጉ.ን ታንኳ በጎን መታው። መቅዘፊያውን ጣለ፣ ቀጥሎ ሊቆም ተነሳ። ታንኳ ላይ! ውሃ መግባት ጀመረ። ከኋላ ሆኜ ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ሌንሳ ግን ዞር ብላ በኦሮምኛ «ታኢ» አለችው። ቁጭ በል። አንቱታ የለ፣ ኦቦ የለ። ቁጭ አለ። ከታንኳው ወለል ላይ ተኝቶ ጠርዙን ይዞ አለቀሰ። እሷ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙራ ብቻዋን ቀዘፈች። ደርሼ አጠገቧ ሆንኩ፤ እርዳታዬን አልፈለገችም።

ዳር ስንደርስ ልጆቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ማንም አልሳቀም። ያሰብኩት ሳቅ ነበር።

ሌንሳ ጃኬቷን ስትፈታ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ፈታሁላት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እሱን ላዋርድ ብዬ እሷን ውሃ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይህን አልረሳውም። በጉ. ላይ ያለኝ ቂም ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ጉ. ጠዋት ውሃ ስቀዳ መጣ። ዓይኑ አብጧል። ትናንት የሆነው ሪፖርት ላይ እንዳይገባ ለመነኝ። ወንጪስ አልኩት። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩብኝ፣ ሥራዬን ባጣ የት እገባ ነበር አለ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይሄው ነው? እኔ የት ገባሁ? አልጠየቀኝም።

ቀጠለና ተመልሼ ወደ አምቦ እንድዛወር እንደሚያደርግ ነገረኝ። ሰው ያውቃል። እስከ መስከረም ያልቃል አለ። «አስቴር፣ እርስ በርሳችን ብቻ እንጨርሰው» አለኝ።

ጄሪካኑን አንስቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስለ አምቦ አሰብኩ፤ ስለ ቤቴ፣ ስለ መዋኛው። የጎጆ ብርድ አጥንት ይገባል። እሺ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን።

ሐምሌ 14፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ድስት እያጠብን ሌንሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፣ ወንጪ ላይ አስገባቸው ያለው ማን ነው?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ሐሙስ ዕለት ከእሱ ጋር ለምን እንዳጣመርኳትም። አሸዋውን ይዛ ድስቱን ፈተገች፣ የነጣውን ሳይቀር። ዓይኔን አየችኝ፤ መጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እናቴ እርስዎን አታምንም» አለች።

አውቃለሁ አልኳት። እሱን ግን ታምነዋለች፤ እንግዲያስ እሱ ይንገራት።

አሁን ከጉ. ጋር ጨርሼ መጣሁ። ዝውውሩን አልፈልግም አልኩት። የከትናንት ወዲያውን ሪፖርት እንደሆነው እጽፋለሁ፣ ጥንዶቹን የመረጥኩት እኔ መሆኔንም። አምቦ እንደገባን፣ ሻንጣ ሳናወርድ፣ ወ/ሮ አበሩ ቤት ሦስታችን፣ እኔ፣ እሱና ሌንሳ፣ እንሄዳለን። ወንጪን በራሱ አፍ ይነግራታል። ስብሰባው ላይ በተናገረበት ድምፅ። ልጆቼ ያፍሩብኛል አለ። ሌንሳ ከኋላዬ መጥታ መቆሟን ሲያይ አንገቱን ደፋ፣ እሺ አለ።

እዚያ ቤት እኔ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፣ እንዳይወጣ። ከጨረሰ በኋላ ይቅርታ ቢለኝ አስብበት ይሆናል።

አይመስለኝም።