የእማዬ ቀበቶ

ጥቅምት 4
ዛሬም እማዬ ጋ፣ አረጋውያን ማረፊያው ሄጄ ነበር። ትኩስ ስኳር ድንች ይዤላት። ኮሪደሩን ስትመላለስበት አገኘኋት። ዕድሜዋን ሙሉ የደረቀ ዓሣ በጭንቅላቷ ተሸክማ ከመንደር መንደር እየሸጠች ስትዞር የኖረች ሴት... ማን ያስቀምጣታል? ክፍሏን የሚጋሯት እማማ ቦንግሬ፣ «እናትሽ ወለሉን በልታ ጨረሰችው፤ ሌላ አስነጥፉልን!» አሉኝ። ሳቅን።

ስወጣ እማዬ «ቆዪ፣ ጫማዬን ላድርግና እስከ በሩ ልሸኝሽ» አለች። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። «ሌላ ቀን፣ እማዬ!» ብዬ ሮጥኩ።

ጥቅምት 5
ወድቃለች። ትናንት፣ ገና እንደወጣሁ። በካልሲ ተከትላኝ ኖሯል... ደረጃው ላይ። የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ዳሌዋ ለጥቂት ተረፈ።

እኔ ያን ሰዓት አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር አግኝቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት 9
ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጊቴ ከኡልሳን ከተማ ደወለ። «እዚያ ያስገባናት እንዳትወድቅ አይደል እንዴ? ምን ሲሠሩ ነበር?» እኔን ተከትላ ነው ማለት አቃተኝ። የማረፊያው ሠራተኞች ላይ ሲጮህ አላስቆምኩትም።

ይባስ ብዬ እኔም ሄጄ ነርሷ ሲስተር ህያንግሱክ ላይ ጮህኩ። ዊልቸር ላይ ትቀመጥ፣ በቀበቶ ትታሰር አልኩ። «እሺ፣ እጇ እስኪድን ብቻ» አለችኝ።

ኅዳር 2
እማዬ ቀበቶውን እየነካካች፣ «ምን አጥፍቼ ነው?»
«ምንም። እንዳትወድቂ ነው፣ እማዬ።»
«ለእኔ ነው ወይስ ላንቺ?»
የባሕር አረም ሾርባዋን አጎረስኳት። በግድ ዋጠች።

ኅዳር 20
ጄሶው ወጣ። ሲስተር «ቀበቶውን እንፍታው?» አለችኝ። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ስልክ ሲጠራ መደንገጥ ትቻለሁ። እሷ ታስራ እኔ በሰላም እተኛለሁ... ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ታኅሣሥ 6
እግሯን አሸሁላት። ያ ሁሉ ባት የት ሄደ? ቆዳ ብቻ ቀርቷል። እማማ ቦንግሬ ከአልጋቸው ሆነው ተቆጡኝ። «አንቺ ዩንሲል! እናትሽ መሄድ ስታቆም መናገርም አቁማለች። አላየሽም?»

አላየሁም። ፀጥታዋን ደህንነት ብዬው ነበር።

እዚያው ተንበርክኬ ነገርኳት። «እማዬ፣ የወደቅሽው በኔ ነው። ጠብቂኝ ስትዪኝ ትቼሽ ሄጄ።»
አየችኝ። «የወደቅኩት በገዛ እግሬ! አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?»
እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሲስተርን ጠርቼ ቀበቶውን አስፈታሁ። እማዬ ለመነሳት ሞከረች። አልቻለችም። እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩት።

ታኅሣሥ 24
እየገፋች የምትሄድበት ባለጎማ መደገፊያ ተሰጥቷታል። ዛሬ ከአልጋዋ ተነስታ እስከ መስኮቱ ደረሰች። እማማ ቦንግሬ «ወለሉ ሊያልቅ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጥር 12
ጠዋት ሲስተር ደወለች። ልቤ ቀድሞ አወቀ። እማዬ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወድቃለች። ስደርስ ጉንጯ አብጦ፣ አንድ ዓይኗ ሊጨፈን ምንም አልቀረውም። አጥንቷ ግን ደህና ነው።

ሲስተር ቀስ ብላ፣ «ቀበቶውን... እንመልሰው?» አለችኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ይኼ ነው። እማዬ ወደኔ አላየችም፤ ጉልበቷን በእጇ ያዝ አድርጋ ትጠብቃለች።

«አትታሰር» አልኩ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ መያዣ ብረት እንዲገጠምላት ለመንኩ።

ጋሼ ጊቴ ደውሎ፣ «አብደሻል? በሚቀጥለው ብትሞትስ?»
«ልትሞት ትችላለች» አልኩት። የመጀመሪያውንም ውድቀት ነገርኩት፤ አውቶቡሱን፣ ካልሲዋን፣ ሁሉንም። እሱም፣ «አሁን ምን እያደረገች ነው?»
«ኮሪደሩ ላይ ናት። ከእማማ ቦንግሬ ጋር እየተጨቃጨቀች።»

ጥፋቱም ፍርሃቱም አብረውኝ ቤት ገቡ። ይግቡ። እሷን ግን ዛሬ ማንም አላሰራትም።